ከልጄ ጆሮ ጀርባ መዥገር ነቀልን፤ ደሟን ላስመርምር?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ሰኞ ማታ የ4 ዓመት ልጄን ገላዋን ሳጥባት ከጆሮዋ ጀርባ ጥቁር ነጥብ አየሁ። ቆሻሻ መስሎኝ ባሸው ባሸው አልለቅ አለኝ። መብራት አስጠግቼ ሳየው ለካ እግር አለው! እናቴን በስልክ ብጠይቃት ‹ቫዝሊን ቀቢው፣ ታፍኖ ራሱ ይወጣል› አለችኝ። ባለቤቴ ግን መጠበቅ አልሆነለትም፤ በጥፍሩ ይዞ ነቀለው። ጭንቅላቱ ውስጥ የቀረ ይመስለኛል። መዥገሩን በሶፍት ጠቅልለን አስቀምጠነዋል። ዛሬ ማክሰኞ ጠዋት ቦታው ቀልቷል፤ የትንሿ ጣቴን ጥፍር ያህላል። ቅዳሜም እሑድም ከሰዓት በኋላ ጫካ ዳር ካለ ሣር ውስጥ ስትጫወት ነበር። የምንኖርበት አካባቢ መዥገር የሚያስተላልፈው የላይም በሽታ ያለበት ነው። ደሟን ላስመርምር? መድኃኒት ትጀምር? የ7 ወር ወንድሟን እያጠባሁ ነው፤ ሁለቱ ልጆች አንድ አልጋ ላይ ነው የሚተኙት። ወደ እሱስ ይተላለፋል?»

መልስ፦ አይዞዎት። መዥገሩ ወጥቷል፤ ትልቁ ሥራ እሱ ነበር። ዛሬ ያዩት ቅላት የላይም በሽታ አይደለም፤ ለዚያ ገና ቀኑ አልደረሰም። የደም ምርመራም ዛሬ አያስፈልጋትም። ማጥባትዎን ይቀጥሉ። አንድ ነገር ግን ጊዜ የማይሰጥ አለ። እስከ ሐሙስ ማታ ድረስ የልጅዎን ሐኪም ማነጋገር አለብዎት። ለምን ሐሙስ እንዳልኩ ወደ ታች እነግርዎታለሁ። የመዥገር ነገር ዋናው ሰዓት ቆጠራ ነው።

በቅድሚያ ባለቤትዎን አይቆጧቸው። የሚመረጠው ጫፉ ቀጭን የሆነ ወረንጦ ነው። ወረንጦውን ቆዳው ድረስ አውርደው መዥገሩን ከአፉ አጠገብ ይይዙታል እንጂ ሆዱን አይጨምቁትም። ከዚያ ሳይጠመዝዙና ሳይነጥቁ፣ በዝግታ ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ይስባሉ። ቆዳው ድንኳን መስሎ ትንሽ ከፍ ይላል። እዚያ ላይ እጅዎን ያቆዩት፤ ብዙም ሳይቆይ ይለቃል። በመጨረሻ ቦታውንም እጅዎንም በውኃና በሳሙና ይታጠባሉ፣ አልኮል ካለም ጥሩ ነው። ይሄ በወግ የተደረገው ነው። ወረንጦ ቤት ውስጥ ከሌለ ግን ዛሬ በጥፍር መንቀል ነገ በወረንጦ ከመንቀል ይሻላል። ባለቤትዎ ያደረጉትም ይህንኑ ነው።

የእናትዎ ምክር የብዙ እናቶች ምክር ነው። ቫዝሊን፣ የጥፍር ቀለም፣ ናፍጣ፣ የተለኮሰ ክብሪት፣ ሁሉም የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ታፍኖ ወይም ተቃጥሎ ራሱ ይልቀቅ። መዥገር ግን እንደ እኛ ቶሎ ቶሎ አይተነፍስም። አፍነውት ለረጅም ሰዓት ይቆያል። በዚያ ሁሉ ሰዓት ደም እየጠጣ ነው። ሲያስጨንቁት ደግሞ በሆዱ ያለውን መልሶ ወደ ልጅቷ ሊተፋ ይችላል። ክብሪቱማ የልጁን ጆሮ ማቃጠል ነው፣ ሌላ ትርፍ የለውም።

«ጭንቅላቱ ቀረ» ያሉትን በተመለከተ፣ የቀረው ጭንቅላት አይደለም። አፉ ነው። «እንደ መዥገር ተጣበቀ» የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አፉ ላይ ወደ ኋላ የተቀለበሱ ጥቃቅን እሾሆች አሉት። ሲነቀል አንዳንዴ ይሰበርና ቆዳው ውስጥ ይቀራል። የላይም ባክቴሪያ ያለው ግን መዥገሩ ሆድና ምራቅ አመንጪ ዕጢ ውስጥ ነው፤ እነሱ ሶፍቱ ውስጥ ናቸው። የቀረውን በወረንጦ በቀላሉ ማውጣት ከቻሉ ያውጡት። ካልቻሉ ይተዉት። ቆዳ እንደ ስንጥር አድርጎ ራሱ ይገፋዋል። በመርፌ ቆፍረው የ4 ዓመት ልጅ አያስጩኹ። ከመዥገሩ ይልቅ በመርፌ ቁፋሮው ያመረቀዘ ቁስል ያየሁበት ጊዜ ይበዛል።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። የላይም በሽታ ባክቴሪያ ቦሬሊያ ቡርግዶርፈሪ ይባላል፤ ቅርጹ እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዘ ነው። በረኃብ ላይ ያለ መዥገር ሆድ ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል። መዥገሩ ሰው ነክሶ ሞቅ ያለ ደም ሲገባለት ባክቴሪያው ይነቃል፣ ይባዛል፣ ከአንጀቱ ወጥቶ ወደ ምራቅ ዕጢው ይጓዛል። ወደ ልጅቷ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ጉዞው ጊዜ ይወስዳል። በአሜሪካ ባለው ዓይነት ከ24 ሰዓት በፊት የተነቀለ መዥገር በሽታውን የማስተላለፍ ዕድሉ እጅግ ትንሽ ነው። ከ36 ሰዓት በኋላ ዕድሉ ከፍ እያለ ይሄዳል። በአውሮፓ የሚገኙት አንዳንድ የቦሬሊያ ዝርያዎች ከዚህ ይፈጥናሉ። ስለዚህ የትም ይሁኑ የት፣ «ገና 24 ሰዓት አልሞላውም» ብሎ ማቆየት የለም። እንዳዩት መንቀል ነው።

የእርስዎን እንቁጠር። ከቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ሰኞ ማታ 2 ሰዓት ብለን ብንወስድ 52 ሰዓት ነው። እሑድ በዚያው ሰዓት ተጣብቆባት ከሆነ ደግሞ 28። በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ፤ እርስዎም እኔም የቱ እንደሆነ በቃል አናውቅም። መዥገሩ ግን ይነግረናል። ሶፍቱን ፈታ አድርገው ይዩት። እንደ ወረቀት ጠፍጣፋ ከሆነ ብዙ አልጠጣም። ሆዱ ተነፍቶ፣ ግራጫ መስሎ፣ ክብ ከሆነ ጠግቧል ማለት ነው፤ ቅዳሜ ነው የተጣበቀው ብዬ እወስዳለሁ። መዥገሩን መጣል የማልወደው ለዚህ ነው። በግልጽ ፕላስተር ወረቀት ላይ ይለጥፉት፣ ቀኑን ይጻፉበት፣ ፎቶም ያንሱት። ወደ ላቦራቶሪ ልከው ግን «ባክቴሪያ አለው ወይ» ብለው አያስመርምሩት። ቢኖረው እንኳ ወደ ልጅቷ አልፏል ማለት አይደለም። ባይኖረውም ያላየነው ሁለተኛ መዥገር ይኖር ይሆናል። ብዙ ጊዜ ውጤቱ የሚመጣው ውሳኔው ካለፈ በኋላ ነው።

መዥገር ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ከብት ላይ የሚንጠለጠለው፣ ባቄላ የሚያህለው ነው። ላይምን የሚያስተላልፈው እሱ አይደለም። አይክሶዲስ የሚባል ወገን ነው። በሰሜን ምሥራቅና በላይኛው መካከለኛው ምዕራብ አሜሪካ፣ በደቡብ ካናዳ፣ በአውሮፓና በሰሜን እስያ ይኖራል። በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍም አንድ ዘመድ አለው። ትልቁ መዥገር የሰሊጥ ፍሬ ያህላል። ልጆችን በብዛት የሚያጠቃው ግን ለአቅመ መዥገርነት ያልደረሰው፣ ኒምፍ የሚባለው ነው፤ የሰናፍጭ ፍሬ ቢያህል ነው። ከእንቁላል ሲፈለፈል ባክቴሪያው የለበትም። የመጀመሪያ ደሙን ከአይጥ ሲጠጣ ይይዘዋል፤ ሁለተኛውን ደም ፍለጋ ሲወጣ ልጅዎ ታልፋለች። መዥገሩ «የአጋዘን መዥገር» ቢባልም አጋዘን መዥገሮችን ይቀልባል፣ ያዘዋውራል እንጂ ባክቴሪያውን የሚሰጣቸው እሱ አይደለም፤ አይጥ ነች። የመዥገሩ ምራቅ የሚያደነዝዝ ነገር ስላለው ልጁ ሲነከስ አይሰማውም። ስለዚህም ነው በሽታው ከተገኘባቸው ልጆች ብዙዎቹ ንክሻውን የማያስታውሱት። የውሻ መዥገር የሚባለው፣ ጀርባው ላይ ነጫጭ ጌጥ ያለበት ወፈር ያለው ደግሞ ላይም አያስተላልፍም። የራሱ ሌሎች በሽታዎች አሉት። ስለዚህ ሐኪምዎ መዥገሩን ቢያይ ነገሩ በግማሽ ይቀላል።

ሐሙስ ማታ ያልኩት ለዚህ ነው። በአሜሪካ የሕክምና ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት መመሪያ መሠረት፣ ሦስት ነገሮች ከተሟሉ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ዶክሲሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ በሽታውን ከመነሻው ሊከላከል ይችላል። መዥገሩ አይክሶዲስ መሆን አለበት። የተያዘው በሽታው በብዛት ካለበት አካባቢ መሆን አለበት። ተጣብቆ የቆየውም 36 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። መድኃኒቱ ደግሞ መዥገሩ ከተነቀለ በ72 ሰዓት ውስጥ መወሰድ አለበት። ሰኞ ማታ 2 ሰዓት ላይ ከተነቀለ፣ 72 ሰዓቱ ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት ይሞላል። ለልጅ መጠኑ በአንድ ኪሎ ክብደት 4.4 ሚሊ ግራም ነው፤ ጣሪያው 200 ሚሊ ግራም። ከዚያ በኋላ አይደገምም።

«ዶክሲሳይክሊን የልጅ ጥርስ ያበላሻል አይደል?» የሚል አይጠፋም። ይህ ስጋት የመጣው ከቀድሞዎቹ የዚሁ ቤተሰብ መድኃኒቶች ነው። እነሱ እውነትም ጥርስ ያቀልሙ ነበር። ዶክሲሳይክሊን ከካልሲየም ጋር የሚያያዘው ከእነሱ ባነሰ መጠን ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እስከ 21 ቀን ድረስ በማንኛውም ዕድሜ ላለ ልጅ መሰጠት ይችላል ካለ ቆይቷል። አንድ ዶዝ ደግሞ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ሆድ ሊረብሽ ስለሚችል ከምግብና ከውኃ ጋር ይሰጣል።

ግዴታ ነው ወይ? አይደለም። ይህን ስል የራሴን ሚዛን እየነገርኩዎት ነው። ዶዙ የተፈተነበት ዋናው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ነው፤ በሽታው በበዛበት በኒውዮርክ ዌስትቸስተር አካባቢ በ482 ሰዎች ላይ የተደረገ። መድኃኒቱን ከወሰዱት 235 ሰዎች አንዱ የላይም ሽፍታ ወጣበት። ካልወሰዱት 247 ሰዎች 8 ወጣባቸው። ወደ 3 በመቶ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ሁለቴ ያንብቡት። በሽታው ከበዛበት ቦታ፣ ተለይቶ በታወቀ መዥገር ተነክሰው፣ ምንም ሳይወስዱ ከ100 ሰዎች ወደ 97ቱ አልታመሙም። ተሳታፊዎቹ 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ነበሩ፤ ለትንንሾቹ ከዚያ ተነሥተን ነው የምንገምተው። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ያሉ ሐኪሞችም ከመከላከያው ዶዝ ይልቅ መጠበቅና ማየትን ይመርጣሉ። መዥገሩ የተነፋ ከሆነ እኔ እሰጣታለሁ። ጠፍጣፋ ከሆነ አልሰጣትም፤ ቆዳዋን እጠብቃለሁ። በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ ግን አሞክሲሲሊን «ለመከላከያ» ተብሎ ለሳምንት ቢታዘዝላት ለምን ብለው ይጠይቁ። የነጠላ ዶዙን ያህል የተፈተነ አይደለም።

የደም ምርመራውን እምቢ ያልኩዎት ለመቆጠብ ብዬ አይደለም። ምርመራው የሚፈልገው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ለመከላከል የሠራበትን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ ለመሠራት ሳምንታት ይፈልጋል። ዛሬ ደሟን ቢሰጡ ውጤቱ «የለባትም» ይላል፤ ይህ ግን ምንም አይነግርዎትም፣ በሐሰት ያረጋጋዎታል እንጂ። «አለባት» ካለ ደግሞ ከዚህ ንክሻ ሊሆን አይችልም፤ ወይ የድሮ ነው፣ ወይ የምርመራው ስህተት ነው። ሽፍታው ወጥቶ እንኳ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምርመራው ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ለዚህ ነው ሽፍታውን ያየ ሐኪም ደም ሳይልክ መድኃኒት የሚጀምረው። ከሕክምና በኋላም «ድና እንደሆን እንይ» ተብሎ ደም መላክ አያስፈልግም። አንቲቦዲው ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ልጅቷ ድና ወረቀቱ ግን ታማለች ይላል።

የእርስዎ ላቦራቶሪ እንግዲህ ዓይንዎ ነው። አሁን የቀላው ቦታ የመዥገሩ ምራቅ ያመጣው ቁጣ ነው፤ እንደ ትንኝ ንክሻ። መዥገሩ ተጣብቆ ሳለ ወይም ከተነቀለ በኋላ በሁለት ቀን ውስጥ ይመጣል፣ ያሳክካል፣ ከ5 ሴንቲ ሜትር ያንሳል፣ በቀናት ውስጥ ይከስማል። የላይም ሽፍታ ግን ይዘገያል። ከንክሻው ከ3 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንደኛውና በሁለተኛው ሳምንት መካከል ይወጣል። ከዚያ ይሰፋል። ከቀን ወደ ቀን እየጨመረ 5 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፤ አንዳንዴ የአዋቂ መዳፍ ያህላል። ብዙ ጊዜ አያምም፣ አያሳክክም፤ ነካ ሲያደርጉት ሞቅ ሊል ይችላል። ከታመሙት ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት ይወጣባቸዋል።

ፎቶ ላይ የሚታየው እንደ ዒላማ ክብ በክብ የሆነው ሽፍታ ስሙ ገንኗል። እውነቱ ግን አብዛኛው ሽፍታ መሐሉ አይነጣም፤ ወጥ ቅላት ነው። ደግሞ እነዚያ ፎቶዎች በአብዛኛው የነጭ ቆዳ ፎቶዎች ናቸው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ «ቀይ» ብለው ከፈለጉ ያልፍዎታል። ወይን ጠጅ፣ ቡናማ፣ አንዳንዴም የበለዘ ይመስላል። ልጄ ወድቃ ነው ብለው ያልፉታል። ስለዚህ ቀለሙን ትተው ዳርቻውን ይከተሉ። በእስክሪብቶ የዛሬውን ቅላት ዙሪያውን ያስምሩ፣ ሳንቲም አጠገቡ አድርገው ፎቶ ያንሱ። በየሁለት ቀኑ በአንድ ዓይነት ብርሃን ይድገሙት፤ የመስኮት ብርሃን ከአምፖል ይሻላል። መስመሩን አልፎ ከወጣ ፎቶውን ይዘው ይሂዱ። የእርስዎ ልጅ የተነከሰችው ከጆሮ ጀርባ ስለሆነ ደግሞ ሽፍታው ወደ ፀጉሯ ሊገባ ይችላል። ፀጉሯን ከፈል ከፈል እያደረጉ ይዩ። በትንንሽ ልጆች ራስና አንገት መዥገር የሚወደው ቦታ ነው፤ ቁመታቸው ከሣሩ ጫፍ ብዙ አይርቅምና። አውሮፓ የምትኖሩ ደግሞ ጉትቻ የሚንጠለጠልበትን የጆሮ ጫፍ ልብ በሉ። እዚያ ባሉት ዝርያዎች ሳቢያ የልጅ ጆሮ ጫፍ ላይ ሰማያዊ ቀይ የሆነ ለስላሳ እብጠት ይወጣል፤ ያም ላይም ነው።

30 ቀን ይቁጠሩ። በዚህ ጊዜ ጉንፋንና ሳል ሳይኖር ትኩሳት ከመጣ፣ ራሷን አሟት ከደከመች፣ ወይም አንድ የነበረው ሽፍታ በዝቶ ሰውነቷ ላይ ብዙ ቦታ ከወጣ ሐኪም ይያት። በተለይ ሦስት ነገር ቀን አይሰጥም። አንደኛው ፊት ነው። ስትስቅ አፏ ወደ አንድ ወገን ከሄደ፣ ስትተኛ አንዱ ዓይኗ አልከደን ካለ፣ «ነፋስ መታት» ብለው አይለፉት። በሽታው በበዛበት አካባቢ የልጅ ፊት ሲጣመም ላይም ከሚጠረጠሩት ዋናዎቹ አንዱ ነው። ሁለተኛው ከባድ የራስ ምታት ከማስመለስና ከአንገት መድረቅ ጋር ነው። ሦስተኛው ተዝለፍልፎ መውደቅ ወይም የልብ ምት መዛባት ነው፤ በልጅ ላይ ብርቅ ነው፣ ግን ያው ቀን ሆስፒታል ነው።

ከወራት በኋላ የሚመጣው ደግሞ መገጣጠሚያ ነው፤ በአብዛኛው ጉልበት። አንድ የ7 ዓመት ልጅ አይረሳኝም። ጉልበቱ እንደ ብርቱካን ተነፍቶ መጣ። ልጁ ግን ክፍሉ ውስጥ እየሮጠ ወንበር ላይ ይወጣል። ኳስ ሲጫወት ወድቆ ነው አሉኝ፣ እኔም አመንኩ። ራጅ አስነሥቼ፣ ስብራት የለም ብዬ፣ በረዶ ይያዝለት ብዬ ላክኋቸው። በሁለተኛው ሳምንት ጉልበቱ ይበልጥ አብጦ ተመለሱ። ስህተቱ የእኔ ነበር። ያበጠው መጠንና ሕመሙ አልተመጣጠኑም፤ ያን ያህል ያበጠ ጉልበት በመውደቅ ቢሆን ኖሮ ልጁ ባልረገጠበት። የላይም ጉልበት ጠባዩ እንዲህ ነው። እዚህ ደረጃ ላይ የደም ምርመራው ጥሩ አድርጎ ይሠራል። ልጁ 28 ቀን የሚዋጥ መድኃኒት ወስዶ ዳነ።

በነገራችን ላይ በሽታው ስም ያገኘውም በልጆች ጉልበትና በእናቶች ንትርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ኮነቲከት፣ ላይም በምትባል ከተማና በአካባቢዋ የብዙ ልጆች ጉልበት ያብጥ ነበር። ሐኪሞች የልጆች ሪህ ነው እያሉ ይመልሷቸዋል። ፖሊ መሬይ የምትባል እናት ግን አላመነችም። ሪህ እንዲህ በሰፈር ተሰብስቦ አይመጣም አለች። የታመመውን ልጅ ስም፣ ምልክቱን፣ ጊዜውን እየመዘገበች በ1975 ለጤና ባለሥልጣናት አቀረበች። ሌላም እናት እንደሷው ደውላ ነበር። የየል ዩኒቨርሲቲው ሐኪም አለን ስቲር መጥቶ ሲመረምር እውነትም ልጆቹ በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ወቅት የታመሙ ሆነው ተገኙ። ባክቴሪያውን ዊሊ ቡርግዶርፈር ከመዥገር ሆድ ውስጥ ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው፤ ግኝቱ የታተመው በ1982 ነው። እናት በደብተር ይዛ የምትመጣውን ነገር የማልንቀው አንድም በዚህ የተነሣ ነው።

ሕክምናውን ባጭሩ ልበል፤ እዚህ ላይ ብዙ የሚያስጨንቅ ነገር የለም። ሽፍታው ከወጣ ለትንሽ ልጅ አሞክሲሲሊን 14 ቀን፣ ወይም ዶክሲሳይክሊን 10 ቀን ይበቃል። ፊት ከተጣመመ ዶክሲሳይክሊን ይመረጣል፣ ቀኑም ይረዝማል። መድኃኒቱ በተጀመረ በመጀመሪያው ቀን ትኩሳቷ ከፍ ብሎ ሰውነቷን ሊቆረጥማት ይችላል። የሚሞተው ባክቴሪያ የሚያመጣው ነው፣ በአንድ ቀን ገደማ ያልፋል፤ አለርጂ መስሎዎት መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ፣ ሐኪምዎን ይጠይቁ። በጊዜ የታከሙ ልጆች በደንብ ይድናሉ። አንዳንዶቹ ላይ ድካም ለሳምንታት ይቆያል፣ ከዚያ እየቀለለ ይሄዳል። «ሥር የሰደደ ላይም» በሚል ስም ለወራት በደም ሥር አንቲባዮቲክ እንስጣት የሚል ቢገጥምዎት ግን ይሽሹ። በአዋቂዎች ላይ ተሞክሯል፤ ጥቅሙ አልታየም፣ ጉዳቱ ግን ታይቷል።

ወደ ታናሹ እንመለስ። ላይም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በመተቃቀፍ፣ አንድ አልጋ ላይ በመተኛት፣ አንድ ማንኪያ በመጋራት አይሄድም። በጡት ወተት እንደሚተላለፍም አልታየም። ግን ሕፃኑንም ዛሬ ራቁቱን አድርገው ይፈትሹት። ከእህቱ ሊይዘው አይችልም፤ የራሱ መዥገር ግን ሊኖረው ይችላል። በልብስ ወይም በውሻ ፀጉር ተሳፍሮ ቤት ይገባል። መዥገር አይዘልም፣ አይበርም። ሣር ጫፍ ላይ ወጥቶ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ይጠብቃል፤ የሚያልፈውን ይይዛል።

ፍተሻው የት የት መሰለዎት? ፀጉር ውስጥ፣ ጆሮ ውስጥና ጀርባው፣ ማጅራት፣ ብብት፣ እምብርት፣ የሱሪ ጎማ የሚያርፍበት ወገብ፣ ብሽሽት፣ ከጉልበት ኋላ። ዓይን የሚያልፈውን ጣት ያገኘዋልና በጣት ጫፍ ይዳብሱ። ከውጭ በገቡ በሁለት ሰዓት ውስጥ ገላ ማጠብ ያልተጣበቀውን ያወርዳል። ልብስ ላይ ያለውን መዥገር ውኃ ብቻ አይገድለውም፤ ደረቁን ልብስ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት 10 ደቂቃ ያዙሩት። ፀጉሯ ሹሩባ ከሆነ መስመር በመስመር ይዩ። ይህን የምለው ለላይም ብቻ አይደለም። አንዳንድ መዥገሮች በፀጉር ተሸሽገው ለቀናት ሲጠጡ መርዝ ይለቃሉ፤ ልጁ እግሩ ይዝላል፣ መራመድ ያቅተዋል፣ ድክመቱ ወደ ላይ ይወጣል። ረጅም ፀጉር ያላቸው ትንንሽ ሴቶች ልጆች ላይ ይበዛል። መዥገሩ ሲነቀል ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ መሻሻል ይጀምራሉ። በሕክምና ትምህርት ቤት ሳነበው ተረት ይመስለኝ ነበር።

የሚቀባ መከላከያ ከፈለጉ፣ ዲት የተባለው ነፍሳት አባራሪ ከ10 እስከ 30 በመቶ ያለበት ከ2 ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሆናል፤ እጃቸውን አፋቸው ውስጥ ስለሚከቱ መዳፋቸው ላይ አይቀቡ። ከሎሚ ባሕር ዛፍ ዘይት የተሠራው «ተፈጥሯዊ» ስለተባለ ለሕፃን አይደለም፤ ከ3 ዓመት በታች አይፈቀድም። ፐርሜትሪን የተባለው መዥገር ገዳይ የሚረጨው ልብስና ጫማ ላይ ነው፣ ቆዳ ላይ ፈጽሞ አይደለም። አውሮፓ ውስጥ «የመዥገር ክትባት» የሚባለውም የሚከላከለው የአንጎል ትኩሳት ከሚያመጣው ቫይረስ ነው። ለዚያ ጥሩ ነው፣ ለላይም ግን አይሠራም።

አሁን ስልኩን ያንሱ። የመዥገሩን ፎቶ፣ የቆዳውን ፎቶ፣ የቅዳሜና የእሑዱን ሰዓት ያዘጋጁ። ከመደወልዎ በፊትም ልጅቷን ሚዛን ላይ ያውጧት፤ ዶዙ የሚሰላው በኪሎ ነው፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት እሱን ይሆናል።